ከያርቆን ምንጭ እስከ ጣና ቂርቆስ፦ ታቦቱ ያለፈባቸው ውሃዎች



ፔታሕ ቲቅቫ ከገባን በኋላ አብዛኞቻችን የለመድነው ከቤት እስከ ኡልፓን፣ ከኡልፓን እስከ ሹቅ፣ ከሹቅ እስከ ቁፓት ሖሊም ያለውን መንገድ ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን ለማየት ጊዜውም ገንዘቡም አይተርፍም። ነገር ግን ከከተማችን በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ሮሽ ሃዓይን በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ፣ የያርቆን ወንዝ የሚነሣበት ምንጭና በምንጩ ራስ ላይ የቆመ እጅግ ጥንታዊ ኮረብታ አለ። ስሙ ቴል አፌቅ ይባላል። ባለፈው በዓለ መጸለት፣ እዚህ ሱኮት በምንለው በዓል መካከለኛ ቀናት፣ ጥቂት ቤተሰቦች ሽማግሌዎቻችንንና ልጆቻችንን ይዘን ሄደን ነበር። ያየነውንና የሰማነውን በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ቦታው ለሽርሽር ስለሚያመች ብቻ አይደለም። አባቶቻችን ሲተርኩት የኖሩት የታቦት ታሪክ አንዱ ጫፍ እዚህ፣ ከደጃችን ላይ ስለሆነ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናሳውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። አፌቅ የሚለው ቃል በዕብራይስጥ የውሃ መውረጃ ከሚባለው ቃል ጋር የተዛመደ ነው። ዓረቦች ቦታውን ራስ ኤል ዓይን ይሉት ነበር። ቱርኮች ፒናር ባሺ አሉት። ዛሬ አጠገቡ ያለው ከተማ ሮሽ ሃዓይን ይባላል። ሦስቱም ስሞች ትርጉማቸው አንድ ነው፤ የምንጭ ራስ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ይህን ስንነግራቸው ሳቁና፣ «ለዚህስ ኡልፓን አያስፈልግም፤ ራስም ራስ ነው፣ ዓይንም ዓይን ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። እኛም የምንጭ ዓይን እንላለን እኮ።

ያርቆን ከዚህ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በሰሜን ቴል አቪቭ በኩል ወደ ባሕር ይገባል። አባይን ወይም ተከዜን ላየ ሰው ይህ ወንዝ ቦይ ቢመስለው አንፈርድበትም። ቢሆንም ከተማችን ያለ እርሱ ታሪክ የላትም። በ1878 ከኢየሩሳሌም የመጡ አይሁድ ሙለበስ የተባለውን መንደር መሬት ገዝተው ፔታሕ ቲቅቫን ሲመሠርቱ፣ በያርቆን ዳር ያለው ረግረግ በወባ ፈጃቸው። አንድ ሐኪም ከመስፈራቸው በፊት ቦታውን አይቶ፣ «እዚህ ወፍ አይዘምርም፤ ወፍ በማይኖርበት ሰው አይኖርም» ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር የሚል ወግ ይነገራል። ንዳድ ያለበትን ቆላ ሸሽቶ ደጋ ላይ መስፈርን ከአያቶቻችን የወረስን ሰዎች ስለሆንን ሐኪሙን እንረዳዋለን። ሰፋሪዎቹም ቦታውን ጥለው ከሄዱ በኋላ በ1883 ተመልሰው እንደገና ጀመሩ። ቆየት ብሎ ደግሞ በ1930ዎቹ እንግሊዞች ከዚህ ምንጭ እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ የውሃ ቧንቧ ዘረጉ። ኢየሩሳሌም እያልን ስንጸልይላት የኖርናት ከተማ ከዚህ ምንጭ ጠጥታለች ማለት ነው። በ1955 ደግሞ ወደ ኔጌቭ በረሃ የሚወስድ መስመር ተከፈተ። ወንዙ ግን ከዚያ ወዲህ ውሃው አነሰ፤ ለብዙ ዓመታትም በፍሳሽ ተበክሎ ኖሯል። ዛሬ ተሻሽሏል፤ በፓርኩ ውስጥ ባለው ኩሬ ኑፋር የሚባለው ቢጫ የውሃ አበባ ይበቅላል።

ኮረብታው ላይ ሲወጡ መጀመሪያ የሚታየው አራት ማዕዘን የቱርክ ምሽግ ነው። በ1570ዎቹ የተሠራ ሲሆን በየማዕዘኑ ግንብ አለው። ልጆቹ «ጎንደር! ጎንደር!» እያሉ ሮጡ፤ ጎንደርን በፎቶግራፍ እንጂ በዓይናቸው ያላዩ ልጆች ናቸው። ውስጡ ግን ባዶ ግቢ ነው። ዋናው ነገር ያለው ከግድግዳው ሥር፣ በአፈሩ ውስጥ ነው። ከ1972 ጀምሮ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሞሼ ኮኻቪ መሪነት የተቆፈረው ይህ ኮረብታ የአንዱ ከተማ ፍርስራሽ በሌላው ላይ እንደ እንጀራ ተደራርቦ ተገኝቶበታል።

ከዛሬ 3,200 ዓመት በፊት ገደማ ይህ ቦታ የግብፅ ሹም መቀመጫ ነበር። የሹሙ ቤት በእሳት ሲወድም በፍርስራሹ ውስጥ የተቀበረ አንድ የሸክላ ደብዳቤ ተገኝቷል፤ ከሰሜን ሶርያ ባሕር ዳር፣ ከኡጋሪት ከተማ፣ ስለ ስንዴ ጉዳይ የተላከ ነው። የንጉሥ ዳግማዊ ራምሴስ ስም ያለበት፣ ኢሲስ የምትባለውን የግብፃውያን አምላክ የሚጠራ ትንሽ ጽላትም ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ጽላት ግብፃውያን ቤተ ጣዖት ሲያንጹ ከመሠረቱ ሥር ይቀብሩት ስለነበር፣ በዚህ ምንጭ ራስ የኢሲስ ቤት ነበረ ብለው የገመቱ ሊቃውንት አሉ። እንግዲህ ከአባይ ማዶ የመጣ ሕዝብ ውሃ ባየበት ሁሉ አምላኩን ይተክል ነበር። ይህን ሲሰሙ ከእናቶች አንዷ «ውሃ ያለበት ቦታ መቼም ባለቤት አያጣም» አሉ። በአገራችንም ከእያንዳንዱ ምንጭ አጠገብ አንድም ጸበል፣ አንድም ዛር፣ አንድም ጸሎት ቤት እንደማይጠፋ እናውቃለንና አልተከራከርናቸውም።

ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ ከአቆጣጠሩ በፊት በ9ኛው ዓመት ገደማ፣ ንጉሥ ሄሮድስ በቦታው አዲስ ከተማ ሠርቶ በአባቱ በአንቲፓትሮስ ስም አንቲፓትሪስ ብሎ ሰየመው። የሮማውያኑ መንገድ በሱቆቹ መካከል ሲያልፍ ዛሬም ይታያል። በ363 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማውን አፍርሶታል። ከሮማውያኑ ድንጋይ ይልቅ የማረከን ግን ስለ አንቲፓትሪስ በታልሙድ የተጻፈው ታሪክ ነው።

እንዲህ ነው። ጠላቶች ታላቁን እስክንድርን «የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ እናፍርሰው» ብለው ጠይቀው አስፈቀዱት። ይህ ለሊቀ ካህናቱ ለጻድቁ ስምዖን ተነገረው። ስምዖንም ልብሰ ክህነቱን ለብሶ፣ የእስራኤልን ታላላቆች አስከትሎ፣ ሁሉም በእጃቸው ችቦ ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ተጓዙ። እስክንድርም ከወዲያ እየመጣ ነበር። ጎህ ሲቀድ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ፤ «የከዱህ አይሁድ ናቸው» አሉት። አንቲፓትሪስ ሲደርሱ ፀሐይ ወጣች፤ ሁለቱም ተገናኙ። እስክንድር ስምዖንን እንዳየ ከሠረገላው ወርዶ ሰገደለት። የተከተሉት ሰዎች ቢደነግጡ፣ በጦርነት ሁሉ ድል ሲያደርግ የሚታየው የዚህ ሰው መልክ መሆኑን ነገራቸው። ቤተ መቅደሱም ዳነ።

ልብ ላለው አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር አይሰወረውም። እስክንድር ወደዚህ አገር የመጣው ከአቆጣጠሩ በፊት በ332 ነው፤ አንቲፓትሪስ የሚለው ስም የወጣው ደግሞ ከእርሱ ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ብለን የምናውቀው ሳይሆን ጥንታዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስም ተመሳሳይ ታሪክ ይጽፋል፤ ሊቀ ካህናቱን ግን ያዱዓ ይለዋል፣ መገናኛውንም ኢየሩሳሌም አጠገብ ያደርገዋል። ታዲያ የታልሙድ ሊቃውንት ለምን አንቲፓትሪስን መረጡ? እኛ እንደሚመስለን አንቲፓትሪስ በእነርሱ ዘመን የይሁዳ ምድር ሰሜናዊ ዳርቻ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር ነው። ሊቀ ካህናቱ ንጉሡን በደጁ ላይ፣ ከወንዙ ራስ፣ ጠብቆ ተቀበለው ለማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ባይገጥምም ነገሩ ያስተምራል።

ምሳችንን በባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር በላን። ባሕር ዛፉም የአገር ቤቱን ይመስላል፤ በሁለቱም አገር ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። እዚያ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ከሰሌዳው ላይ ያነበበውን ዕብራይስጥ ለአያቱ መተርጎም ጀመረ። ፍልስጥኤማውያን፣ አፌቅ፣ ኤቬን ሃዔዜር እያለ ግማሽ ዕብራይስጥ ግማሽ አማርኛ ሲያወራ፣ አብረውን የነበሩት ቄሳችን ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ይህማ መጽሐፈ ሳሙኤል ነው» አሉት። ከዚያም ሳይከፍቱ በቃላቸው ተረኩልን።

እስራኤል በአቤንኤዘር ሰፈሩ፣ ፍልስጥኤማውያን በአፌቅ ሰፈሩ። በመጀመሪያው ውጊያ ከእስራኤል 4,000 ሰው ወደቀ። ሽማግሌዎቹም «የእግዚአብሔርን ታቦት ከሴሎ እናምጣ፤ እርሱ ያድነናል» አሉ። የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ታቦቱን ይዘው መጡ፤ ሕዝቡ እልል ሲል ምድሪቱ ተናወጠች። ነገር ግን በሁለተኛው ውጊያ 30,000 እግረኛ ወደቀ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሞቱ፣ ታቦቱም ተማረከ። ከብንያም ነገድ አንድ ሰው ልብሱን ቀዶ በራሱ ላይ ትቢያ ነስንሶ በዚያው ቀን ሴሎ ድረስ ሮጠ። ዔሊ 98 ዓመቱ ነበር፣ ዓይኑም ፈዝዟል፤ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። የልጆቹን ሞት ሲሰማ አልወደቀም፤ ታቦቱ መማረኩን ሲሰማ ነው ወደ ኋላው ወድቆ አንገቱ የተሰበረው።

ቄሳችን እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። እኛም ዙሪያችንን አየን። ልጆች በሣሩ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ሰዎች ሥጋ ይጠብሳሉ፣ የሱኮት ሕዝብ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ሐዘን የወረደው እዚህ ሜዳ ላይ ነው ብሎ ማን ይገምታል? በመጽሐፍ ቅዱስ አፌቅ የሚባሉ ሌሎች ቦታዎችም አሉ፤ የዚህን ጦርነት አፌቅ ግን ሊቃውንቱ ይህኛው ነው ይላሉ። አቤንኤዘር ነው ተብሎ የሚገመተው ዒዝቤት ሳርታ የተባለው ጉብታ ከዚህ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሮሽ ሃዓይን በስተ ምሥራቅ ይገኛል። እዚያ በ1976 ፊደል የተጫረበት ገል ተገኝቷል። በመጨረሻው መስመር ላይ 22ቱ ፊደላት ከአሌፍ እስከ ታቭ በተርታ ተጽፈዋል፤ ፊደል የሚለማመድ ሰው እጅ ነው ይባላል። ጽሑፉም እንደ ዛሬው ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ሳይሆን እንደ እኛ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ኡልፓን ገብተው ደብተራቸውን በስተ ግራ ከፍተው የተቆጡ ሁሉ በዚህ ይጽናኑ።

ከዚያ በኋላ ታቦቱ ሰባት ወር በፍልስጥኤማውያን እጅ ዞረ። አሽዶድ አስገቡት፤ ጣዖታቸው ዳጎን በፊቱ ተደፋ። ወደ ጌት ወሰዱት፤ ወደ ዔቅሮን ወሰዱት፤ የደረሰበት ከተማ ሁሉ በመቅሰፍት ተመታ። በመጨረሻ የሚያጠቡ ሁለት ላሞች በሚጎትቱት ሠረገላ ወደ ቤት ሳሚስ መለሱት። ከእናቶቻችን አንዷ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፦ እህታቸው አሽዶድ ናት፣ ወንድማቸው ቂርያት ጋት፣ የባላቸው ዘመዶች ቂርያት ዔቅሮን፣ አማታቸው ቤት ሼሜሽ። «ታቦቱ የኛን ዘመድ ሁሉ ጠይቆ ነው የተመለሰው» ብለው አሳቁን። የዛሬዎቹ ቂርያት ጋትና ቂርያት ዔቅሮን በጥንቶቹ ከተሞች ስም የተሰየሙ እንጂ በዚያው ቦታ ላይ የቆሙ አይደሉም፤ ዝምድናው ግን አይካድም።

ያ ልጅ ግን አልረካም። «ከዚያስ፣ አባ? አሁን ታቦቱ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ቄሳችን ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «የዚህን አገር ሊቃውንት ብትጠይቅ፣ ንጉሥ ኢዮስያስ ሸሸገው ይሉሃል፤ ባቢሎን ተወሰደ የሚሉም አሉ። የእኛን አገር ሰው ብትጠይቅ ደግሞ ሌላ ነው የሚነግርህ» አሉት። እውነትም ሁለቱ አስተያየቶች በታልሙድ በዮማ ክፍል ተጽፈዋል። ያገራችን ሰው የሚለውን ግን አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ስለምናውቀው ሁላችንም በየፊናችን እናወራ ጀመር።

በጣና ሐይቅ በምሥራቁ ዳርቻ ጣና ቂርቆስ የሚባል ደሴት አለ። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ጥቂት ሰዓት ያስኬዳል። ገዳሙ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ነው። መነኮሳቱ ሲናገሩ፣ የንጉሥ ሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ልጅ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ አብሮት የመጣው ታቦት በዚህ ደሴት ላይ፣ በድንኳን ውስጥ፣ 800 ዓመት ተቀምጧል። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ነው ወደ አክሱም የወሰደው ይላሉ። ከዚያ በፊት በደሴቱ የነበሩት አባቶች የኦሪትን ሥርዓት የሚጠብቁ፣ መሥዋዕት የሚሠዉ እንደ ነበሩ መነኮሳቱ ራሳቸው አይክዱም። ለማስረጃም በገደሉ አፋፍ ላይ የቆሙትን አጫጭር የድንጋይ ምሰሶዎች ያሳያሉ፤ ጫፋቸው እንደ ጽዋ ተቦርቡሯል። ካህኑ የመሥዋዕቱን ደም ረጭቶ የቀረውን የሚያፈስበት ነው ይላሉ። ከመካከላችን ለጉብኝት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ይህን ያዩ ሰው አሉ፤ የውሃው ድምፅ ከሥር ይሰማል፣ ቦታው ዝም ያለ ነው፣ ሰውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገር ብለው ነገሩን።

ወደ ደሴቱ ሳይደርሱ በመንገድ ላይ ስለ ሆነው ነገር ደግሞ የእኛ አባቶች የሚተርኩት አለ። የምኒልክ ጓዶች ታቦቱን ይዘው ሲጓዙ በሰንበት ቀን ወንዝ ዳር ደረሱ። ግማሾቹ ተሻገሩ፤ ግማሾቹ «ሰንበት ሳይወጣ አንሻገርም» ብለው በዳሩ ቀሩ። የተሻገሩት ክርስቲያን ሆኑ፤ የቀሩት ቤተ እስራኤል ሆኑ። ይህን ታሪክ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ትርጉሙ አይጠፋንም። ሰንበትን ለማክበር ስንል ከወዲህ የቀረን ነን ማለት ነው።

አሁን ሒሳብ የሚወዱት ወጣቶቻችን ተነሡ። ሰሎሞን የነገሠው ከአቆጣጠሩ በፊት በ10ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን፣ ከአቆጣጠሩ በኋላ። በመካከል ከ1,200 ዓመት በላይ አለ። ታዲያ 800 ዓመት በጣና ከሆነ የቀረው 400 ዓመት የት ሄደ? መልካም ጥያቄ ነው፤ ልጆችን ዝም በሉ የሚያሰኝ አይደለም። ክብረ ነገሥትም አያግዘንም። እርሱ በ14ኛው መቶ ዘመን በግዕዝ የተዘጋጀ መጽሐፍ ሲሆን ታቦቱን የሚያደርሰው ደብረ ማክዳ ወደምትባል ስፍራ ነው፤ የጣናው ትውፊት የደሴቱ ሰዎች የራሳቸው ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ግርሃም ሃንኮክ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ክፍተቱን ለመሙላት፣ ታቦቱ በመካከሉ በግብፅ በአባይ ወንዝ ላይ ባለች ደሴት ቆይቷል ብሎ ነበር። የታሪክ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ እኛም አላሳመነንም።

የጠቀሳት ደሴት ግን ተረት አይደለችም። ኤለፋንታይን ትባላለች፤ አስዋን አጠገብ ነች። በዚያ የፋርስ ንጉሥ ወታደሮች የነበሩ አይሁድ ከነቤተሰቦቻቸው ይኖሩ ነበር፤ የእግዚአብሔርም ቤተ መቅደስ ነበራቸው፣ መሥዋዕት የሚቀርብበት። ከመቶ ዓመት በፊት በደሴቱ አፈር ውስጥ የተገኙት የፓፒረስ ደብዳቤዎች ሁሉን ይናገራሉ። ቤተ መቅደሱ የድንጋይ በሮችና የዝግባ ጣሪያ ነበረው። ከአቆጣጠሩ በፊት በ410 የጎረቤቱ የግብፃውያን ጣዖት ካህናት ከአካባቢው ሹም ጋር ተመሳጥረው አፈረሱት። አይሁዱ ማቅ ለብሰው ጾሙ፤ በ407 ለይሁዳ ገዢ እንደገና ለመሥራት እንዲፈቀድላቸው አቤቱታ ጻፉ። ስለዚህ ከጣና ወጥቶ ሱዳንን አቋርጦ በሚወርደው በዚያው ውሃ ዳር፣ ከቤተ እስራኤል ሌላ፣ መሥዋዕት የሚያቀርቡ አይሁድ ነበሩ። አባቶቻችን ከእነርሱ የመጡ ናቸው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ከነገደ ዳን ናቸው የሚለው ደግሞ ራቭ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 የወሰኑበት ነው። ሁሉም መንገዶች የሚገርሙ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት ሌላ አንድ ቦታ ዞረን አየን። ከአፌቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ኤልዓድ ከተማ ዳር፣ የማዞር መካነ መቃብር የሚባል የሮማውያን ሕንፃ አለ። በ3ኛው መቶ ዘመን የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ መቃብር ሆኖ ተሠራ። ፊቱ ላይ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል፤ ጣሪያውም እስከ ዛሬ አለ። በዚህ አገር ከሮማውያን ዘመን እስከ ጣሪያው የቆመ ሕንፃ ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው። ለምን እንደተረፈ ስንጠይቅ ምክንያቱን ግድግዳው ላይ አየነው። በደቡቡ ግድግዳ ወደ መካ አቅጣጫ የሚያሳይ የጸሎት ጉድባ ተፈልፍሏል። ሙስሊሞች ቦታውን የነቢዩ ያሕያ መቃብር ነው ብለው ያከብሩት፣ ይጸልዩበትም ነበር። ነቢዩ እዚያ አልተቀበረም፤ ሮማውያኑም ተረስተዋል። ነገር ግን ሰው የሚጸልይበትን ቤት ድንጋይ ለመውሰድ ማንም አይደፍርምና ሕንፃው ዳነ። አጠገቡ የነበሩት የቀሩት ቤቶች ግን ለሌላ ግንብ ማገር ሆነው አልቀዋል።

ጣና ቂርቆስም እንዲሁ ነው። የኦሪት ድንጋዮች ናቸው የሚባሉት እስከ ዛሬ የቆሙት ክርስቲያን መነኮሳት ስለሚጠብቋቸው ነው።

እዚህ ላይ ነው ወሬያችን የከበደው። የእኛስ? የእኛ ጸሎት ቤቶች እንዴት ሆነዋል?

ለልጆች ስንል ትንሽ እናብራራ። በጎንደርና በሰሜን፣ በደምቢያና በወገራ፣ ቤተ እስራኤል መንደር ሲመሠርት ወንዝ ይፈልግ ነበር። ያለ ወንዝ ንጽሕና የለም። ለሰንበት ዓርብ ገላን መታጠብ፣ ሬሳ የነካ ሰው ከውሃ መግባት፣ ሴቶች ከመርገም ጎጆ ሲወጡ ወንዝ ወርደው መጠመቅ፣ አራስ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን ስትጨርስ መጠመቅ፤ ይህ ሁሉ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደተጻፈ ይፈጸም ነበር። ጎረቤቶቻችን «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ይሉን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲሰድቡን ነበር፣ እኛ ግን እንደ ምስጋና ነበር የምንወስደው። ጸሎት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ነው፤ ከጉልላቱ ላይ ቀይ የሸክላ ማሰሮ ይደፋበታል፣ መንገደኛ ከሩቅ አይቶ የኛ መሆኑን እንዲያውቅ። ውስጠኛው ክፍል ቅድስተ ቅዱሳን ነው፤ በብራና የተጻፈው የግዕዝ ኦሪት የሚቀመጠው እዚያ ሲሆን ከካህናት በቀር የሚገባ የለም። በግቢው የፋሲካ በግ የሚሠዋበት የድንጋይ መሠዊያ አለ።

በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በዘመቻ ሰሎሞን ሕዝቡ ሲወጣ እነዚህ ቤቶች ባዶ ቀሩ። ከጎንደር ከተማ አጠገብ በወለቃ ያለው ጸሎት ቤት ለቱሪስት ይታያል፤ ጥቂት ሌሎችም አሉ። የቀሩት ግን የሣር ክዳን ናቸው። ሣር በየጥቂት ዓመቱ ካልተከደነ፣ ክረምት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለስበት ይወድቃል። እንደ ማዞሩ መቃብር ሌላ ሕዝብ መጥቶ ያልጸለየበት መስጊድ ዛሬ እርሻ ሆኗል። የቆመ ድንጋይ የለን፣ እንደ አፌቅ ቆፍሮ የሚያወጣ ፕሮፌሰር እስኪመጣ እንዳንጠብቅም ጭቃና እንጨት ብዙ ምልክት አይተውም።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን አንድ ልመና አለን። ወደ አፌቅ ሂዱ፤ ሩቅ አይደለም። ሲሄዱ አያቶችን ይዛችሁ ሂዱ። ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ የመግቢያ ክፍያ አለ፤ ዓርብና የበዓል ዋዜማ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ባርኔጣና የሚጠጣ ውሃ ያዙ፤ ከምንጩ እንዳትጠጡ። ደግሞም ደብተርና እርሳስ ያዙ፣ ሥራ አለበትና።

እኛ ያደረግነው ይኸው ነበር። ልጆቹ ደብተራቸውን አውጥተው በየሽማግሌው ፊት እየሄዱ፣ መንደራቸው የት እንደነበር፣ መስጊዱ ከወንዙ በየትኛው በኩል እንደነበር፣ ወንዙስ ማን ይባል እንደነበር ጠየቁ። በዕብራይስጥ የጻፉም፣ በአማርኛ የሞከሩም አሉ። መገጭ ያሉ አባት አሉ። አንገረብ፣ ቀሃ፣ ጉማራ፣ ሽንፋ ያሉ አሉ። ሁለት ሰዎች አንድ ወንዝ ጠርተው በወዲያና በወዲህ ማዶ ጎረቤት እንደነበሩ ያወቁት ያን ቀን ነው፤ እዚህ አንድ ሕንፃ ውስጥ አራት ዓመት ሲተላለፉ ኖረዋል። አንዲት እናት ግን ብዙ ካሰቡ በኋላ የእርሳቸው ሰፈር ወንዝ ስም እንዳልነበረው ነገሩን። «ወንዙ ነበር የምንለው። ሌላ ወንዝ አልነበረንም።» ልጅቷም «ወንዙ» ብላ ጻፈች።